ጋሽ ብሩሽን የጣለው አልጌ

ጋሽ ብሩሽ በዚህ ዓለም ከልቡ የሚጠላው ነገር ቢኖር አልጌ ነበር። አይፈረድበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ጣሪያ ላይ እየወጣ፣ የውሃ ታንከር ውስጥ እየገባ፣ ያንን አረንጓዴ ዝልግልግ ሲፈገፍግ የኖረ ሰው ነው። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያው ነው፤ ብሩሹ ከእጁ ስለማይለይ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ብሩሽ ይለው ጀመር፣ እሱም ወዶ ተቀበለው። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" የሚባለው ለእሱ የተተረተ ይመስል፣ በስተርጅናው መተዳደሪያው ያ የሚጠላው አልጌ ሆነና አረፈው።

ታንከር ማጠብ ቀላል የሚመስለው ገብቶበት ለማያውቅ ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ አንዱን ትከሻ አስቀድሞ፣ ትንፋሽ ውጦ፣ ሌላውን ማስከተል ያስፈልጋል። ውስጡ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ ሰው የገዛ ሳሉ ተመልሶ ሲመጣበት ይደነግጣል። ጋሽ ብሩሽ ከመግባቱ በፊት ታንከሩን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል፤ ዝቃጩ ምን ያህል እንደተኛ ከድምፁ ይለያል። ቀጥሎ ያሸታል። አልጌንም ማንም ሳያስተምረው በአራት ከፍሎት ነበር። እንደ ጨርቅ ተገፎ የሚነሳውን "ሻሽ"፣ ሲነኩት ውሃውን የሚያደፈርሰውን "ዱቄት"፣ ብሩሹ ላይ የሚጠመጠመውን "ጸጉር" ይለዋል። አራተኛው "ሙጫ" ነው። ሙጫ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሲፈገፍጉት ይወጣል፣ ጫማ ሥር ገብቶ ግን ይከተላል።

የጣለውም ሙጫ ነው። የድሮው ማተሚያ ቤት ጣሪያ ላይ ያለውን የሲሚንቶ ታንከር አጥቦ ሲጨርስ፣ መሰላሉ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ፣ ሶሉ ሥር የቀረው ዝልግልግ አሙለጨለጨውና ከነብሩሹ መሬት ላይ ተዘረጋ። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሙ ከሰባት ወር በኋላ ሲያሰናብተው "ከእንግዲህ መሰላል የሚባል ነገር በህልምህም እንዳትወጣ" አለው። ሰውየው የሚያውቀው ሥራ ደግሞ ሁሉም ከመሰላል በላይ ነበር።

ታንከሩን ለዓመታት ያጠበለት ዩኒቨርሲቲ ነው ያነሳው። ላብራቶሪ ውስጥ ብልቃጥ አጣቢ አድርጎ ቀጠረው። በሁለት ወር ውስጥ የላብራቶሪው ብልቃጥ ሁሉ እንደ አዲስ አበራ። መምህራኑ ብልቃጡን ወደ መስኮት አንስተው እያዩ "ይሄ እኛ የገዛነው ነው?" ይባባሉ ጀመር።

እዚያው ላብራቶሪ የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራ አንዲት ቀጭን፣ ቁጡ፣ ፈጣን ተመራማሪ ነበረች። አንድ ጠዋት መታጠቢያው አጠገብ መጥታ ቆመች።

"ጋሼ፣ አልጌ ያውቃሉ አሉ።"

"መግደል አውቃለሁ።"

"እኔ ደግሞ እንዲያሳድጉልኝ ነው የፈለግኩት።"

ጋሽ ብሩሽ ከት ብሎ ሳቀ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ድመትን አይጥ አሳድጊ እንደ ማለት ነው!"

እሷ ግን ቀልድ አልያዘችም። ወስዳ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን አምስት ትልልቅ ጠርሙሶች አሳየችው። ውስጣቸው ለጋ አረንጓዴ ውሃ፣ በላያቸው ነጭ መብራት፣ በእያንዳንዳቸው ቀጭን ቱቦ ገብቶ አየር ያንቦቀቡቃል። ዘሩ ከሌላ አገር በጣት የምታክል ብልቃጥ የመጣ፣ ባለ ሁለት ቃል የሳይንስ ስም ያለው፣ ንጹሕ አልጌ ነው። አድጎ ሲወፍር ይጠለላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ እንደ ሻይ ይፈላል። ያ አረንጓዴ ሻይ የዚንክ ጨው ከሟሟበት ውሃ ጋር እሳት ላይ ሲዋሃድ ነጭ ነገር መዝነብ ይጀምራል። ነጩ ታጥቦ ምድጃ ውስጥ ሲገባ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ይሆናል፤ ቅንጣቱ በዓይን አይታይም።

"የአንድ ጸጉር ውፍረት ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ይደረደራል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ጠፋ በይኝ እንጂ አነሰ አትበይኝ።"

በዚህ ጊዜ እሷም ሳቀች። ዱቄቱን ጨርቅ ላይ አስይዛ፣ ከታንከር የሚወርድ ውሃ በዚያ ጨርቅ ሲያልፍ ጀርሙ እንዲሞት ነው ሐሳቧ። ጋሽ ብሩሽ ይህን ሲሰማ ወደ ጠርሙሶቹ ጠጋ አለ። ስንት ታንከር ውስጥ ምን አይቶ እንደወጣ፣ ከዚያ ውሃ ማን ማን እንደጠጣ የሚያውቀው እሱ ነው። "አሳድግልሻለሁ" አላት።

አሳደገም። ሠላሳ ዓመት በጠላትነት ያጠናውን ነገር አሁን በወዳጅነት ያዘው። ምግቡን በግራም እየመዘነ ያበላል፣ መብራቱን በሰዓቱ ያጠፋል። የታመመ ጠርሙስ ቀለሙ ከመቀየሩ ሁለት ቀን አስቀድሞ ሽታው ይነግረዋል፤ ያንን ማሽን አይነግርም። ባለቤቱ ቤቷ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ነገር ስትወድ ለጉድ ነው። ሲገባ ጠብቃ "ጣውንቴ ዛሬ እንዴት ዋለች? በላች?" ትለዋለች።

"በልታለች። መብራትም ሞቃለች።"

"ለኔ እንዲህ ብትሳሳልኝ ኖሮ እስካሁን ልጃገረድ እመስል ነበር!"

ችግሩ ዱቄቱ ላይ ነበር። ቅንጣቶቹ ተለያይተው መቆም ሲገባቸው ይተቃቀፋሉ፤ ተቃቅፈው ይጓጉላሉ፤ የጓጎለ ዱቄት ደግሞ ጀርም አይገድልም። ተመራማሪዋ ሰባት ጊዜ ሞከረች፣ ሰባት ጊዜ ጓጎለባት። ሰባተኛው በጓጎለባት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጥግ ይዛ ስታለቅስ ጋሽ ብሩሽ አይቷታል፤ እንዳላየ ሆኖ አለፈ። በማግስቱ የወንድሟ ሠርግ ነበርና ለአንድ ሳምንት ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች። "አደራ ጋሼ፣ ከነዚህ ሌላ ዘር የለኝም" ብላው ነው የሄደችው።

በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተባለና የላብራቶሪው ኃላፊ "ሁሉም ነገር ይጥራ" ብሎ አዘዘ። ለጋሽ ብሩሽ ይጥራ ማለት ለፈረስ ሜዳ ማሳየት ነው። መደርደሪያውን ከሥሩ ለመወልወል አምስቱን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አንስቶ ባለ ጎማው ጋሪ ላይ አስቀመጠ፤ ሁልጊዜ የቆሸሸ ብልቃጥ የሚጭንበት ጋሪ ላይ ማለት ነው። መደርደሪያውን ወለወለ፣ አደረቀ፣ ዞር አለ። ጋሪው ላይ አረንጓዴ የያዘው መስታወት አየ። ሠላሳ ዓመት አረንጓዴ የያዘው ነገር ሲያይ እጁ የሚያደርገውን እጁ አደረገ። እያንጎራጎረ ደፋ፣ በረኪና ጨመረ፣ ፈገፈገ። አምስተኛውን አጥቦ ሲዘቀዝቅ ነው ከኋላው የአየር ፓምፑን ድምፅ የሰማው። አምስቱ ቱቦዎች ባዶ መደርደሪያ ላይ ተንጠልጥለው አየር ይተፋሉ።

መታጠቢያው ሥር ቁጢጥ አለ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ በረኪና የገባበት ደግሞ ቢታፈስም ሬሳ ነው። ስልኩን አወጣ፣ ስሟን ፈለገ፣ ሠርግ ላይ እንዳለች አሰበ፣ ያንን ምሳ ሰዓት አሰበ። ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ያደረገውን ሐኪሙ ቢሰማ ሌላውን እግሩን ራሱ ይሰብርለት ነበር። በአራቱ ዓይነቶቹ ውስጥ ፈጥኖ የሚያድገው የቱ እንደሆነ ያውቃል። ወደ ድሮው ማተሚያ ቤት ሄደ። ሃያ ሦስቱን የመሰላል እርከኖች በቀኝ እግሩ እየቀደመ፣ ግራውን እየጎተተ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ወጣ። ያ የጣለው ሙጫ ዳግም በቅሎ እዚያው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ጥቂት ፍቆ በፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘ፣ ወረደ፣ ደጋግሞ አጠለለው፣ አምስቱ ጠርሙሶች ውስጥ ከፋፍሎ አበላው፣ መብራት አበራለት። እስክትመለስ አምስቱም ለምልመው ቆሙ።

"ውይ፣ አማረባቸው! ምን አድርገዋቸው ነው?" አለች ተመራማሪዋ ተመልሳ ስትገባ።

"ምንም። ደህና ነበሩ" አለ ጋሽ ብሩሽ። ብልቃጥ ላይ እንጥፍጣፊ የማይተው ሰው ይህችን ውሸት ጥሎ ሄደ።

ስምንተኛው ሙከራ ሠራ። ቅንጣቶቹ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ እንደ ተነፋ ዱቄት ተለያይተው ታዩ። ዘጠነኛውም ሠራ፣ አሥረኛውም። ጨርቁ ላይ የተደፋው ቆሻሻ ውሃ ንጹሕ ሆኖ ወረደ። አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኮሪደር ላይ ሲያፏጭ ተሰማ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከተቀጠረ ጀምሮ ታይቶበት አያውቅም። ተመራማሪዋ ጽሑፏን መጻፍ ጀመረች፤ በየገጹ የዚያን የሞተውን አልጌ ባለ ሁለት ቃል ስም ትጽፋለች። ጋሽ ብሩሽ ጮክ ብላ ባነበበች ቁጥር አንገቱን ይደፋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ይህ ነው።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ውጤቷን ቀድማ የላከችላቸው የሌላ ተቋም ተመራማሪዎች ያንኑ አልጌ ይዘው፣ ያንኑ መንገድ ተከትለው ሁለት ጊዜ ሞክረው ሁለቴም ጓጎለባቸው። አነጋገራቸው ጨዋ ነው፤ ነገሩ ግን "አልሠራሽውም" ነው። በፈታኞች ፊት የምትቀርብበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ጋሽ ብሩሽ ብልቃጥ እየጠረገ ፕሮፌሰሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እርግጠኛ ነሽ? ቁጥሩን አልነካካሽም?" ሲላት ሰማ። ፊቷ በአንዴ አመድ መሰለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ብሩሽ ባለቤቱ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። መኪናውን አቁማ ሰማችው።

"ብናገር ከሥራ እባረራለሁ" አለ። "እሷም የጻፈችው ሁሉ ገደል ይገባል። ዝም ብል ደግሞ... ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?"

ባለቤቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ዝምታው አይነቅዝም፤ ዝም ያለው ሰው ነው የሚነቅዘው። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ እየነቀዝክ ነው፤ ሱሪህን ሁለቴ አጥብቤልሃለሁ። ሦስተኛ ጊዜ አላጠብብም!"

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ተመራማሪዋ ስትመጣ ብሩሹን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ ፊቷ ቆሟል።

"ልጄ፣ አልጌሽን በዚህ አጥቤ ገድየዋለሁ። አምስቱንም። አንቺ ሠርግ በሄድሽበት ሳምንት ነው። አሁን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።"

አልገባትም፤ ደግሞ ነገራት። በቀስታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ለምን አልነገሩኝም?" ብሩሹን ከፊቷ ገፋ አደረገችው። "ለምን አልነገሩኝም ጋሼ? ያን ቀን ቢነግሩኝ አለቅስ ነበር፣ ያልፍልኝ ነበር! አሁን እኮ ስሜ ነው የጠፋው!"

"ስታለቅሺ አይቼሻለሁ። ደግሜ እንዳላይ ፈራሁ።" አንገቱን ደፍቶ ነበር። "ክፉ አድርጌያለሁ። ፕሮፌሰሩ ዘንድ ውሰጂኝና የሠራሽው ትክክል እንደሆነ ልናገር። ያታለልኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።"

ያቺን ቃል ለማውጣት ሃያ ሦስት እርከን ከመውጣት የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ስንት የተማረ ሰው ከዚህ ያነሰ ጥፋት ይዞ ከነክብሩ ጡረታ ወጥቷል! ጋሽ ብሩሽ ግን ፕሮፌሰሩ ፊት ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ። ፕሮፌሰሩ እንደ በርበሬ ቀላ። ጠረጴዛ መታ። በመጨረሻ፣ ንዴቱ ሳይወጣለት፣ "ለመሆኑ ይህን ከየት ነው ያመጡት?" ሲል ጠየቀ።

"እግሬን ከሰበረኝ ታንከር።"

"ምን?"

ጋሽ ብሩሽ አስረዳ። ሻሹን፣ ዱቄቱን፣ ጸጉሩን፣ ሙጫውን። ሙጫ ከሌሎቹ የሚለየው ራሱን በዝልግልግ ስለሚጠቀልል እንደሆነ፣ ደርቆም ተፈጭቶም ዝልግልጉ እንደማይለቀው፣ ለዚህም ነው ሰው የሚጥለው አለ። ፕሮፌሰሩና ተመራማሪዋ ተያዩ። ፕሮፌሰሩ ወንበር ስቦ ለጋሽ ብሩሽ ሰጠው።

"ዝልግልጉ ነዋ" አለች ተመራማሪዋ ለራሷ እንደምትናገር። "እያንዳንዱን ቅንጣት እየጠቀለለ እንዳይተቃቀፉ የከለከላቸው እሱ ነው። በማይክሮስኮፕ ደግሜ ባይ ኖሮ እኮ ሌላ መሆኑን እለይ ነበር። አላየሁም። እኔም አላየሁም።"

እንዲህ ሆነ ተብሎ ሰው ሁሉ ተቃቅፎ አላለቀሰም። ጋሽ ብሩሽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ሲያነብበው "ሲያንሰኝ ነው" አለ። የምትቀርብበት ቀን በስምንት ወር ተራዘመ፤ ሁሉም ነገር ከታንከሩ ጀምሮ እንደገና ሊሠራ ነው። ለተቋሙም እውነቱ ተጻፈ። ተመራማሪዋ ለሁለት ሳምንት ከ"እባክዎ ያንን ያቀብሉኝ" በቀር አላናገረችውም። አዲሱ መደርደሪያ ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ለጠፈች፦ "ብሩሽ አይጠጋም"። ጋሽ ብሩሽ በወረቀቱ ፊት ባለፈ ቁጥር ብሩሹን ከጀርባው ይደብቃል። ያበሽቀዋል፣ ግን እውነት አላት።

አልጌውን በሥርዓት ለመውሰድ ማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የወጣችው ራሷ ናት። እሱ መሰላሉ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ይጮሃል። "ቀኙን አስቀድሚ! በጣትሽ አትርገጪ፣ በመሃል እግርሽ! ኧረ ቀስ፣ ምን ያስቸኩልሻል!" እሷ ታንከሩ ውስጥ ገባች። ከዚያ የሚንሸራተት ጫማ ድምፅ፣ "እሪ!" የሚል ጩኸት፣ ቀጥሎ ረጅም ሳቅ ከታንከሩ ውስጥ ተሰማ።

"ጋሼ! እውነትም ሰው ይጥላል!"

ከታች ሆኖ እሱም ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አነጋገረችው።

ስምንት ወር አልፎ በፈታኞች ፊት ስትቀርብ ጋሽ ብሩሽና ባለቤቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ሱሪውን መልሳ አስፍታለታለች። አንደኛው ፈታኝ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ "ይህ 'ጣውንት አንድ' ብለሽ የሰየምሽው ዝርያ፣ ስሙ ከየት መጣ?" አላት።

"ያሳደጉት ሰው ባለቤት ያወጡላት ስም ነው።"

ባለቤቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች። ፈታኙ ቀጠለ። "ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የመጀመሪያው አልጌ በስህተት እንደታጠበ፣ ማን እንዳጠበውም ጽፈሻል። እንዲህ ያለውን ሰው አይጽፈውም። ለምን ጻፍሽው?"

"ሰውየው ሳይገደዱ ነገሩኝ" አለች። "እሳቸው ለመናገር ከደፈሩ እኔ ለመጻፍ ምን ያስፈራኛል?"

ጋሽ ብሩሽ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማም፤ አፍንጫውን ሲያብስ ነበር። ያ ደብዳቤ የጻፈው ተቋም ዘር ተልኮለት ሞክሮ፣ ቅንጣቶቹ ተለያይተው እንደወጡለት የነገሩትም በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ሲገባ ዶክተሯ መደርደሪያው ፊት ቆማለች። ወረቀቱ የለም፤ የተለጠፈበት ቦታ ብቻ ትንሽ ነጣ ብሎ ይታያል። አምስቱ ጠርሙሶች፣ ከነአረንጓዴአቸው፣ ባለ ጎማው ጋሪ ላይ ተደርድረዋል።

"ጋሼ፣ መደርደሪያውን ከሥሩ ይወልውሉልኝ" አለችው። ቦርሳዋን አነሳች። "ክፍል አለብኝ፤ ሁለት ሰዓት ያህል እቆያለሁ።"

"ልጄ፣ ጠርሙሶቹ..."

"አውቃለሁ" አለችና በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች።

ጋሽ ብሩሽ መደርደሪያውን ወለወለ፣ አደረቀ፣ ዞር አለ። ጋሪው ላይ አረንጓዴ የያዘው መስታወት ቆሟል፤ ብሩሹም እጁ ላይ ነው። ብሩሹን ቀስ አድርጎ የካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ቁልፉን ቆለፈበት። ከዚያ ጠርሙሶቹን በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሳቸው።